የበግ መሸለቻው ቤት ጣሪያ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለመደርቤክ፤

ከሁሉ በፊት እግርህ እንዴት ነው? ያ ከሕንፃው ላይ ወድቀህ የሰበርከው እግርህ በብርድ ጊዜ አሁንም ይጠዘጥዝሃል ወይስ ተወህ? አንተስ እንዴት ነህልኝ? ምግብ በወጉ ትበላለህ ወይስ ዛሬም ደረቅ ዳቦ በሻይ እየነከርክ «በላሁ» ትላለህ? ባለቤትህ ጉልሳናስ? ወገቧ፣ እንቅልፏ፣ ሆዷ እንዴት ነው? እግሯ ያብጣል? ካበጠ ከፍ አድርጋ ትተኛ፤ ደረጃ አታስወጣት። እኛ አላህ ይመስገን፣ አንተን ከማጣታችን በቀር ደህና ነን። ባለቤቴ ካሲማሊ የፊት ጥርሱ አንዷ ወልቃ አሁን ሲያፏጭ ፈረሱ እንኳ አይሰማውም፤ እኔ ግን ዝምታ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኛል። ልጄ ያገባት ጃይና ከቆላው ከኦሽ ድረስ መጥታ የእኛን ብርድ እየለመደች ነው። ላሟ ወለደች፤ ጥጃዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ነጥብ አላት።

ይህን ሁሉ በስልክ ለምን እንዳልነገርኩህ ታውቀዋለህ። የአለቃ በይሸናሊን ስም ባነሳሁ ቁጥር «እቴ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው» ትለኛለህ። አንተዬ፣ ከአገር ከወጣህ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መስመሩ የሚቆራረጠው በዚያ ስም ላይ ብቻ ነው! ወረቀት ግን አይቆራረጥም። ስለዚህ የጎረቤታችን የባትማ ልጅ ለሥራ ወደ እናንተ ሲመጣ በእጁ ልኬልሃለሁ። አሁን ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብበው። ጉልሳናንም አጠገብህ አስቀምጣት፤ አንተ መሐል ላይ ካቋረጥክ እሷ ትጨርሰው።

ፌብሩዋሪ ላይ ደውለህ «እቴ፣ ጉልሳና ነፍሰ ጡር ናት» ስትለኝ ስልኩን ጥዬ እልል ልል ስል፣ ወዲያው ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ለማንም እንዳትናገሪ። ምንም እንዳትሰፊ፣ ምንም እንዳትገዢ። ያ እጅ እስከ ዛሬ በላዬ ነው» አልከኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው የገዛ ልጁን ወሬ እንደ ሌባ ሲያንሾካሹክ መስማት! ላሟ ሳትታለብ እየጮኸች እኔ ባልዲዬን ይዤ በረቱ ደጃፍ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሁለት ጊዜ ጽንሱ እንደጨነገፈባችሁ አውቃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱን በማን እጅ ላይ እንዳሳበብክም አውቃለሁ። ሐኪሙ የሚለውን ትሰማለህ፣ ሆድህ ግን የሚያምነው ሌላ ነው። እንግዲያው እኔም ባልዲዬን እንደያዝኩ ማልኩ፤ ይህ ልጅ ከመወለዱ በፊት ያ እጅ ከወንድሜ ላይ ይነሳል አልኩ።

ጉልሳና፣ አሁን አንቺ ስሚኝ። እሱ ይህን ነገር በወጉ አጫውቶሽ እንደማያውቅ ስለማውቅ ነው። የኅብረት እርሻው በፈረሰ ጊዜ በጉም፣ ፈረሱም፣ መሬቱም ለየቤቱ ተከፋፈለ። የበግ መሸለቻው ቤት ግን አልተከፈለም። ሠላሳ ሸላቾች ጎን ለጎን የሚቆሙበት ረጅም ቤት ነው፤ በወጣትነታቸው ያሠሩት የእርሻው የሥራ ብርጌድ አለቃ በይሸናሊ ናቸው፤ የግራ እጃቸው አንድ ጣት የተቆረጠችውም እዚያው ግንባታ ላይ ነው። «ይህ የሁላችን ነው፤ አንድ ምስማር የሚነቅል እጁ ይነቀል» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። በዚያው ዓመት በረዶ የእኛን ቤት ጣሪያ ሰበረው። አባታችን ሳንባውን ታሞ ተኝቷል፤ ከላይ ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ እናታችን በራስጌው ድስት፣ በግርጌው ሳፋ ትደቅናለች። ቆርቆሮ ያኔ በወርቅም አይገኝም። መደርቤክ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው፣ መሸለቻው ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ስድስት ቆርቆሮ ነቅሎ አመጣ። አባታችን በደረቅ ፍራሽ ላይ አሥራ አንድ ቀን ኖሮ ዐረፈ።

ቀብሩ ሳምንት እንደሞላው አለቃ በፈረስ መጡ። ከፈረሱ ሳይወርዱ፣ ለቅሶ ሊደርስ በመጣው ሰው ሁሉ ፊት ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሲመርቁ እንደሚደረገው መዳፋቸውን ወደ ሰማይ አላደረጉም፤ ገልብጠው የእጃቸውን ጀርባ ወደ ላይ አደረጉና «ቤት ብለህ የምትገባበት ሁሉ ጣሪያ አይኑረው» አሉት። የተገለበጠ እጅ እርግማን መሆኑን ለአንቺ አልነግርሽም፤ ልጆች ሆነን ለጨዋታ እንኳ እጃችንን ገልብጠን ብንዘረጋ በጥፊ ነበር የምንባለው። ወንድሜ «ለአባቴ ነው» እንኳ አላለም። ኩራቱን ታውቂዋለሽ፤ ያው የምታውቂው ነው።

የሚያስቀው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፣ መደርቤክ። ጣሪያው አንዴ ከተከፈተማ ማን ይመለስ! የባትማ ባል ነፍሱን ይማርና በሩን ይዞ ሄደ። መምህር ቱርዳኩን መስኮቶቹን ከነመስታወታቸው አወረደ። አንዱ ወራጁን፣ አንዱ ጡቡን፣ ሌላው የበጎቹን አጥር። እንኳን ሌላው፣ የመስጊዱ በረንዳ ሁለት ምሰሶዎች ከየት እንደመጡ ጠይቅ። አለቃ ይህን ሁሉ እያዩ አንድም ሰው አልረገሙም፤ ደክሟቸው ይሁን አፍረው ይሁን አላውቅም። ሁሉም ወሰደ፣ ስሙ የቀረው ግን በአንተ ላይ ነው። ለእናታችን ቀብር መጥተህ ከግቢያችን ሳትወጣ ሦስት ቀን ተቀምጠህ እንደ መንገደኛ ስትመለስ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ «የሰረቁት በነፃነት ይሄዳሉ፣ ወንድሜ በየአጥሩ ሥር ተሸሽጎ ይሄዳል» ብዬ አንጀቴ አርሮ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮው ልምጣ። እኔና ባትማ ከአራት ሴቶች ጋር ሆነን የሱፍ ምንጣፍ እንደምንሠራ ታውቃለህ። ሱፉን ዘርግተህ፣ የፈላ ውሃ አፍስሰህ፣ ጠቅልለህ በእግርህ መርገጥ ነው፤ ሰፊ ወለል ይፈልጋል። በእኛ ሳሎን ስንረግጥ ካሲማሊ ሻዩን ይዞ እንደ ስደተኛ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ስለዚህ አንድ ቀን ከባትማ ጋር መሸለቻውን ቤት ገብተን አየነው። ሳማው እስከ ብብታችን ደርሷል፣ በግ የገባበት ቦታ ሁሉ በጠጥ ነው፣ ወፍ በየቀዳዳው ጎጆ ሠርቷል። ግድግዳው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል! መሐሉ ላይ ደግሞ የወለሉን ሳንቃ ማንም አልነቀለውም። የስንት ሺህ በግ የሱፍ ቅባት ስለጠጣ ጠቁሮ እንደ ድንጋይ ሆኖ፣ ምስማሩ አልወጣም ብሏቸው ትተውታል። ባትማ ውሃ ብታፈስበት አልጠጣ አለ፤ ኮለል ብሎ ሄደ። «ዙራካን፣ ይህ ወለል እኛን ነው ሲጠብቅ የኖረው» አለችኝ።

የመንደሩ አስተዳደር ወረቀቱን ያለ ብዙ ምልልስ ሰጠን። ሰው ግን ደቦ ና ስንለው «አለቃ መርቀዋል ወይ?» ይላል። ደቦ ያለ ሽማግሌ ምርቃት እንደማይጀመር አንተም ታውቃለህ፤ በመንደራችን ደግሞ ከእሳቸው የሚበልጥ ሽማግሌ የለም። ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ለቤቱ ምርቃት እጃቸውን ከዘረጉልኝ፣ ያንተንም ጉዳይ ከዚያው ጎን አስጠጋዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ቤቱ ለእኔ ምክንያት ነበር፤ ባትማ እንዳትሰማኝ።

እርጎ ይዤ ሄድኩ። «አባባ፣ ደቦ ልናወጣ ነው፤ ይመርቁልን» አልኳቸው። «ምኑን?» አሉኝ። «የመሸለቻውን ቤት።» «የሞተ ይቀበራል እንጂ አይመረቅም።» «አባባ፣ ግድግዳው አልሞተም» ብላቸው «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የግድግዳ ሐኪም የሆንሽው?» አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን አጥብበው «የዚያ ልጅ እህት አይደለሽም እንዴ?» አሉ። ወይ ጉድ! አሥር ዓመት በየሳምንቱ እርጎ የማመላልስላቸው ሴት ዛሬ ገና የማን እህት እንደሆንኩ ይጠይቁኛል። እርጎውን ጠጡ፤ ሳህኑን መለሱልኝ፤ ምርቃቱን ግን ከለከሉኝ።

ባትማ ስትሰማ «በእርጎ ነው እንዴ የሰማንያ ዓመት ቂም የሚታጠበው? በግ እረጂና ሽማግሎቹን ሁሉ ጥሪ፤ በሰው ፊት እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል» አለች። ቂሙ ሰማንያ ዓመት አልሞላውም ብላትም ምክሯን ወሰድኩ። ሜይ መጀመሪያ ላይ ካሲማሊ ያንን ቀንዳሙን ሙክት አረደ። አለቃም መጡ፤ ጥሪ ስለማይቀር ነው እንጂ ፊታቸው እንደተቋጠረ ነበር።

የሥጋ ብልት ነገር መቼም እኛ ዘንድ ጨዋታ አይደለም። የዳሌው አጥንት ለትልቁ ሽማግሌ ለአለቃ፣ ቅልጥሙ ከእሳቸው ለሚያንሱት፣ ላቱ ለአሮጊቶቹ፣ እያልኩ ለየሰው መደብኩ። ወርቹን ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ለአንተ አነሳሁ። እናታችን አንተ ከሄድክ ጀምሮ በግ በታረደ ቁጥር ያንተን ድርሻ ሳታነሳ ቀርታ አታውቅም፤ እሷ ስትሞት ወጉ ወደ እኔ መጣ። ባማረው ሳህን አድርጌ፣ በእናታችን ጥልፍ ጨርቅ ሸፍኜ መደርደሪያው ላይ አኖረዋለሁ፤ ማታ ለመንገደኛ ወይ ለቸገረው ሰው በስምህ እሰጠዋለሁ። ይህን ነግሬህ አላውቅም። አሁን ነገርኩህ።

እኔ ደጅ ወጥቼ ለእንግዶቹ እጅ ሳስታጥብ ጃይና ማቅረብ ጀመረች። ይህቺ የዋህ ልጅ ሳህኖቹን አይታ፣ ጥልፍ ጨርቅ የለበሰው የክብር ነው ብላ አስባ፣ ያንተን ወርች አንስታ ቀጥ ብላ አለቃ ፊት አስቀመጠችው። እኔ ስገባ አለቃ ጨርቁን ገልጠው፣ ዓይናቸውም ደክሟልና፣ በቢላዋቸው አንድ ቁራጭ ቆርጠው አፋቸው አድርገዋል። ከዚያ አጥንቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ማላመጡን አቆሙ። ካሲማሊ በድንጋጤ በዚያች በወለቀች ጥርሱ በኩል ፉጨት አመለጠው፤ መሳቅ እንኳ አልቻልንም።

«ዙራካን» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ለጎረምሳ የሚሰጥ ወርች በእኔ ፊት የሚቀመጠው መሳለቂያሽ አድርገሽኝ ነው?» ጃይና ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ። «አባባ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፤ «ልጅቷ ለአገሩ እንግዳ ናት፤ አላወቀችም። የእርስዎ ዳሌ ያው እዚያ ነው፤ ይህ የሌላ ሰው ድርሻ ነው።» «የማን?» አሉኝ። መደርቤክ፣ መዋሸት እችል ነበር። የካሲማሊ ነው ብል ያልቅ ነበር። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ስምህን በሹክሹክታ ስጠራ ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ፣ በእናቴ ጨርቅ ፊት ልክድህ? «የወንድሜ የመደርቤክ ነው» አልኩ፤ ጮክ ብዬ።

የሰውን ጨው ቀምሶ በዚያ ሰው ላይ ክፉ የያዘ፣ ጨዉ ዓይኑን ያጥፋው ይባላል። ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ አልነበረም። ቁራሹ ገና አፋቸው ውስጥ ነው። መትፋት ይችሉ ነበር፤ እጃቸው ወደ መሐረባቸው ስትሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። መሐረቡን ያዙት፣ መልሰው አስቀመጡት። ዋጡት። ከዚያ ቢላዋቸውን አንስተው ሌላ ቁራጭ ቆረጡ፤ «የሰው ድርሻ ተጀምሮ አይተውም» ብለው አጥንቱ እስኪነጣ ድረስ በሉት።

እንግዳው ሲበተን እሳቸው አልተነሱም። ሻይ ቀዳሁላቸው፤ አልጠጡትም። «አባትሽ ከልጁ በፊት እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «በዚያ በረዶ፣ በምርኩዝ፣ በየአጥሩ እየተደገፈ። ‹በይሸናሊ፣ ስድስት ቆርቆሮ ስጠኝ፤ በደረቅ ልሙት› አለኝ። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን በግ የሸለትን ሰዎች ነን። እኔስ ምን አልኩት? ‹የሁሉ ንብረት ነው፤ ይበስብስ እንጂ ለአንድ ሰው አይነካም› አልኩት። ሳይቆጣ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ልጁ እኔ ማድረግ የነበረብኝን አደረገ። እኔ ደግሞ ለዚያ ረገምኩት። ይበስብስ አልኩ፣ ይኸው በሰበሰ።»

ወንድሜ፣ አባታችን መሄዱን አንተ ታውቅ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። እንዴት አድርጎ ተራመደ? ከአልጋው እስከ በሩ በሁለት ሰው ድጋፍ ነበር እኮ የሚሄደው። ከዚያም ተናደድኩ፤ ምን ይደበቃል፣ የቀረውን ሾርባ አናታቸው ላይ ልደፋው ፈልጌ ነበር። «አባባ፣ ይህን ለእኔ መንገርዎ ምን ይረባል?» አልኳቸው። «ወንድሜ በሰው አገር የተገለበጠ እጅ ተሸክሞ ይዞራል። ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እሱ ግን ለልጁ አንዲት ጨርቅ እንዳትሰፋ ከልክሎኛል። ፈራ። እርስዎን ፈራ!» አደራህን በላሁ፣ መደርቤክ፤ ለማንም እንዳትናገሪ ያልከኝን ለእሳቸው ተናገርኩ። ይቅር በለኝ፤ ቢሆንም አልጸጸትም።

አለቃ ጎንበስ አሉ። እንባ ይሁን የእርጅና ውሃ አላውቅም፣ ጢማቸው ረጥቦ ነበር። ቀና ብለው «ደቦው መቼ ነው?» አሉኝ። «እርስዎ በሚመርቁበት ቀን» አልኩ። «ሐሙስ ይሁን። በሰው ፊት ያበላሸሁትን በሰው ፊት ነው የማቃናው» ብለው ምርኩዛቸውን ጠየቁኝ።

ያን ሐሙስ ብታየው! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ባትማ የዶሮ ቤቷን በር ነቅላ ተሸክማ መጣች፤ በቀይ ቀለም የተጻፈው የብርጌዱ ቁጥር ከኩሱ ሥር አሁንም ይነበባል፤ ዶሮዎቿ ቤታችን የት ሄደ ብለው በሰልፍ ከኋላዋ ተከትለዋታል። መምህር ቱርዳኩን አራት መስኮት በጋሪ አምጥቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ለእድሳት ወስጄው ነበር» አለ። ባትማ ምን ብትለው ጥሩ ነው? «አይ መምህር፣ ሃያ ስድስት ዓመት የፈጀ እድሳት! ቀለሙ እስኪደርቅ ነው?» ሰው በሳቅ ፈረሰ። የመስጊዱ ሼህ ደግሞ አዲስ ሁለት ምሰሶ አመጡ፤ «የቆመውን ብነቅል በረንዳው ሰጋጁ ላይ ይወርዳል፤ አላህ ይህን ይቀበለኝ» አሉ። ካሲማሊ ያንተን ስድስት ቆርቆሮ ልመልስ ብሎ አባታችን ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ምስማር ሲነቅል አለቃ በምርኩዛቸው ግድግዳውን እየደበደቡ «ውረድ አንተ! የሟች ጣሪያ ነው፤ ማንም አይነካውም!» ብለው አወረዱት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ቆርቆሮ ሰጠ፤ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ የዛገው። ጣሪያው አሁን በሩቁ ሲያዩት የተጣጣፈ ሱሪ ይመስላል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አለቃ በዚያ ጥቁር ወለል መሐል ቆሙ። ሁለት ሰዎች ክርናቸውን ደገፏቸው። እኛ ሁላችን እጃችንን ዘረጋን። እሳቸው ግን እጃቸውን ገልብጠው፣ እንደዚያ ቀን፣ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ላይ አድርገው ዘረጉ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። እንደዚያው ትንሽ ቆዩና ቀስ ብለው እጃቸውን አዞሩት፤ መዳፋቸው ወደ ሰማይ ሆነ። «በዚህ እጅ የዘጋሁትን በዚህ እጅ ከፈትኩት» አሉ። «የሙካምበት ልጅ መደርቤክ የገባበት ቤት ሁሉ ጣሪያ ይኑረው። ከጣሪያው ሥር ሕፃን ያልቅስ። ሕፃኑ አድጎ የአባቱን ፍራሽ በደረቅ ያንጥፍ። እኔንም ይቅር ይበለኝ።» ሁላችን አሚን ብለን ፊታችንን በእጃችን አበስን። ባትማ ለባሏ ቀብር እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ስለዚህ ስማኝ፣ በላይህ ምንም እጅ የለም። እኔ እህትህ ቆሜ፣ በዓይኔ አይቼ፣ ሲነሳ ተመልክቼዋለሁ። የዚያኑ ዕለት ለሕፃኑ መስፋት ጀመርኩ፤ እስካሁን ሦስት ሸሚዝና የሕፃን አልጋ ልብስ ጨርሻለሁ፤ ብትቆጣም አልፈታውም።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። በሦስት ቀን ጣሪያው አለቀ፤ በምሥራቅ በኩል ካለው ጥግ በቀር። ለዚያ ጥግ የሚሆነው ስድስት ቆርቆሮ ተቆርጦ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ካሲማሊ መዶሻ ይዞ ሊወጣ ሲል አለቃ «ተው፤ ያ ልጅ የከፈተው ነው፣ እሱው ይዝጋው» አሉ። «አባባ፣ ዝናቡ ይገባብናል፣ ሱፉ ይረጥባል» ብንል «ሱፍ ይደርቃል» አሉን። ከዚህ ሰው ጋር ማን ይከራከራል! ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ ምንጣፋችንን እየጎተትን ወደ ምዕራብ እንሸሻለን፣ ሲያባራ እንመለሳለን። ባትማ «የመደርቤክ መስኮት» ብላዋለች። አለቃ በየጠዋቱ በአህያ ይመጣሉ፤ በርጩማቸውን ከዚያው ክፍት ጥግ ሥር አስቀምጠው የሰማዩን ብርሃን ይሞቃሉ፤ እኛ ስንረግጥ «ጠበቅ አድርጉት እንጂ! ይህ ርግጫ ነው ወይስ ጭፈራ?» እያሉ አለቃ አለቃ ይጫወታሉ። ደስ ብሏቸዋል። ደስ ሲላቸው አይቼ የማላውቀው ሰው ነበሩ።

ልጁ ተወልዶ አርባ ቀን ሲሞላው ሦስታችሁም ኑ ልልህ ነበር ያሰብኩት። አሁን ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ። የጉልሳና እህት እዚያው አጠገቧ ናት፤ ለአንድ ሳምንት ብቻህን ብትመጣ ምንም አትሆንም። እግርህ መውጣት ካቃተው ካሲማሊ ትከሻውን ይሰጥሃል፤ ስድስት ቆርቆሮ ነው፣ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። በመንደሩ መሐል አቋርጠህ ሂድ፤ በየአጥሩ ሥር አይደለም።

ጉልሳናዬን ሁለት ጉንጯን፣ ከዚያም ሆዷን ሳምልኝ፤ ለሆዷ ደግሞ አክስትህ ዙራካን ናት በልልኝ። የጉልሳናን እህት ሰላም በልልኝ፤ አብሯችሁ የሚኖረውን ያን የታጂክ ጓደኛህንም፣ እግርህ ተሰብሮ በነበረ ጊዜ ስላስታመመህ አላህ ውለታውን ይክፈለው በለው። ካሲማሊ እጅ ይነሳሃል፤ ለጥርሱ ሐኪም ስንት እንደሚያስከፍል እንድታጣራለት ጠይቋል፤ አታጣራለት። ልጄ ሰላም ብሎሃል። ጃይና እስከ ዛሬ ሳህን ባነሳች ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፤ «የኔ ልጅ፣ እንዳንቺ ያለ ስሕተት አዋቂ ሁሉ ቢሳሳት በወደድኩ» ብዬ ግንባሯን ሳምኳት፤ እሷም «ጋሼ መደርቤክን ድርሻቸውን ስላበላሁባቸው ይቅርታ በይልኝ» ብላለች። ባትማ ሰላምታዋ ብዙ ነው፤ ልጇን እዚያ ስታገኘው ኮፍያ እንዲያደርግ ቆጣ በልላት።

አለቃ በይሸናሊ ደግሞ ያለኝን ሁሉ ሰላምታ አድርሽልኝ ብለው፣ «መደርቤክ ያንን ጥግ ሳይዘጋ አልሞትም» እያሉ በሰው ፊት ይምላሉ። ሰው ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔ ግን ሱፍ ስረግጥ ከሁሉም ይበልጥ የምቀርባቸው ስለሆንኩ ከቀን ወደ ቀን የሚብሰውን ሳላቸውን እሰማለሁ። ቶሎ ና።

የምትወድህ እህትህ
ዙራካን

ችይ ቡላክ፣ ናሪን
ጁን 9 ቀን 2022